የጥላ ሣርና የባለቤቴ አጎት

ቀና ያለ ነገር ባዩ ቁጥር እጃቸውን የሚበላቸው ሰዎች አላጋጠሟችሁም? የሟቹ ባለቤቴ አጎት እንዲህ ናቸው።

ባለቤቴ ላሊበላ ባለው ግቢያችን፣ ከወይራው ሥር ሣር ተክሎ ነበር። «የጥላ ሣር ቅጠሉ ካልረዘመ ብርሃን ከየት ያገኛል?» እያለ ከአራት ጣት በታች አያጭደውም ነበር።

ተዝካሩ ሲቃረብ አጎት ማጭድ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እንግዳ ምን ይላል? ይኼ ሣር ነው ጎፈሬ?» ብለው ፀሐይ ላይ ያለውን እስከ አፈሩ ላጩት። እሱስ ግድ የለም፣ ይበቅላል። ወደ ጥላው ሲዞሩ ግን ደነገጥኩ።

«ኧረ አባቴ፣ ይኼኛው ከተላጨ ይደርቃል!»

«ሣር ሣር ነው!»

ምን ላድርግ? ሄጄ ሣሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐዘንተኛ መሬት ላይ ስትቀመጥ ማን ደፍሮ ያስነሣታል? ድግስ ሊያግዙ የመጡት ሴቶች «ወይኔ፣ ሐዘኑ ተነሣባት!» እያሉ ሮጠው ከበቡኝ። አጎትም ማጭዱን ጥለው «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ተንሰቀሰቁ። እኔም ከልቤ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ማጭዱን ቀስ ብዬ ስቤ ቀሚሴ ሥር ደበቅኩት። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያን ዕለት ቀሎኝ አያውቅም።