ሳባና የጠፋው ካባ

ናይሮቢ መጥቶ መኖር ለሚያስብ ወንድ አንድ ምክር አለኝ፤ አማትህን አዲስ አበባ ተዋቸው። የኔዋ ክፉ ሆነው አይደለም። እንዲያውም ደግ ናቸው፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ችግሩ ሌላ ነው። የኔ አማት መርማሪ ናቸው።

ማን ሾማቸው አትሉኝም? ማንም። እትዬ አሰለፈች አዲስ አበባ ሳሉ ሃያ ዓመት የዕድር ጸሐፊ ነበሩ። የዕድር ጸሐፊ ሥራው ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ማን ለቅሶ እንደቀረ፣ ማን "ታምሜ ነው" ብሎ በማግሥቱ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ እንደታየ አጣርቶ የሚይዝ ሰው ነው። ያንን ዓይናቸውን ይዘው ሚስቴ ስትወልድ ሊያርሷት መጡ። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። እሳቸው ግን እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ እኛው ቤት አሉ።

መጀመሪያ የተያዝኩት እኔ ነኝ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ዌስትላንድስ ሰፈር፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር፣ እዚህ ኛማ ቾማ የሚሉትን የፍም ጥብስ በላሁ። አፌን ታጠብኩ፣ ማስቲካ አኘክሁ፣ የመንገዱ መጨናነቅ ሽታውን እስኪያጠፋልኝ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ አማቴ ሽሮ አቀረቡልኝና ጾሙ እንዴት እንደዋለልኝ ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኩ። "እንግዲያው ስቴኪኒውን ከሸሚዝ ኪስህ አውጣው" አሉኝ። "ቆሎ የቆረጠመ ሰው ስቴኪኒ ይዞ አይዞርም።" ሚስቴ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀችብኝ።

ቀጥሎ የዳቦው ጉዳይ መጣ። ላይኛው ፎቅ ካለ ቤት፣ ከኩሽና መስኮት ሥር፣ ዳቦ እየጠፋ አስቸገረ። ሰው ሁሉ የቧንቧ ሠራተኛውን ጠረጠረ። አማቴ የጤፍ ዱቄት መስኮቱ ላይ ነሰነሱ። ናይሮቢ ላይ ጤፍ ስንት እንደሚሸጥ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ሊያለቅሰኝ ነበር። በነጋታው ዱቄቱ ላይ አምስት ትናንሽ ጣቶች ታተሙ። ከግቢያችን ጀርባ ካለው ጫካ ዛፍ ለዛፍ እየዘለለ የሚመጣ ጦጣ ኖሯል። የቧንቧ ሠራተኛው እስከዛሬ አማቴን ሲያይ ኮፍያውን ያነሳል።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጉድለት ነበራቸው። ስዋሂሊ አያውቁም። አያውቁም ሲሏቸው ግን ይቆጣሉ። እዚህ አገር ዘበኛ አስካሪ ይባላል። በመጡ ሰሞን ሚስቴ፣ አንድ ነገር ከቸገራቸው በር ላይ ያለውን አስካሪ እንዲጠይቁት ነገረቻቸው። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ አስካሪ ነገር አልቀርብም" ብለው አኮረፉ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ያህል ቃል ለቃቅመዋል። ቁጥር ግን አልተማሩም። ለምን ቢባሉ፣ ለቁጥር እግዜር ጣት ሰጥቶናል ይላሉ። ገበያም በጣታቸው ነው የሚገዙት።

አሁን ወደ ካባው እንምጣ።

እኛ ግቢ ውስጥ ወይዘሮ ብዙአየሁ የሚባሉ፣ መሃል ከተማ ሱቅ ያላቸው ሴት አሉ። ናሆም የሚባል ልጅ አላቸው። እዚሁ ያደገ ነው፤ አማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚጨርሰው። ለእሱ ያሰቧት ሳባ ናት። ሳባ ምድር ቤት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ ዌስትላንድስ ሐበሻ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ አንገቷን የደፋች ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ያመጧት ወይዘሮ ብዙአየሁ ናቸው። ወረቀቷን የጨረሱላት እሳቸው፣ ሥራውን ያስገቧት እሳቸው። እናት አባት እዚህ ስለሌላት፣ ሽማግሌ ሲላክም የተላከው ወደ እሳቸው ወዳጆች ነው። ሳባ ምን አለች? ደረጃ ላይ ሳገኛት እንዴት ነሽ እላታለሁ። "ደህና ነኝ" ትለኛለች።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሙሽሪት ካባ ከአዲስ አበባ ተላከ። ያመጣው መንገደኛ ሐሙስ ዕለት ካርቶኑን የግቢው በር ላይ ትቶ ወደ ሌላ አገር በረረ። ማታ ወይዘሮ ብዙአየሁ ከሱቅ ሲመለሱ ካርቶን የለም።

አማቴ ወሬውን በሰሙበት ደቂቃ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዘበኛውን ዋፉላን ማንም እንዳያናግረው አዘዙ። ዘበኛ በብዙ አፍ ከተጠየቀ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ይክዳል አሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር በልበ ሙሉነት ሲነገር ማን ይከራከራል? ዓርብ ጠዋት እኔ ሥራ ሄጄ ሳለ ብቻቸውን ወርደው ጠየቁት። የጠየቁትን በኋላ ነው የሰማሁት። "ሳንዱቅ ናኒ?" ነው ያሉት። ናኒ በስዋሂሊ ማን ማለት ነው። ሳንዱቁን ሳንዱኩ ይሉታል፤ ስለዚህ ገባው። እሱም አንድ ቃል መለሰላቸው።

"ሳባ።"

የአማቴ ደም ግባት ተመለሰ። ማታ ስገባ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ዘበኛው ሳባ ወሰደችው ብሎኛል አሉ፤ በአማርኛ ነው የነገሩኝ። ሙሽራ የገዛ ካባዋን ምን ልትሆን ትሰርቃለች ብዬ ጠየቅሁ። "መልበስ የማትፈልግ ሙሽራ ናታ" አሉኝ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያዩኝ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ብዙአየሁ ቤት ተሰበሰብን። አማቴ ነገሩን በየዋህ ድምፅ አቀረቡ። ሳባ ቀና ብላ አየቻቸው። አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ከዚያ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ ቀረች። አልወሰድኩም አላለችም፣ ወስጃለሁም አላለችም። እምባዋ ብቻ ዱብ ዱብ አለ። ዝምታ ማመን ነው ይባላል፤ የኛ ሰው ደግሞ ለተረት ፈጣን ነው። ናሆም ስልኩን እያየ "ማሚ፣ ኢትስ ኦኬይ" አለ። ወይዘሮ ብዙአየሁ ሰርጉ ፈርሷል ብለው ተነሡ። ዘበኛውን ደግመን እንጠይቀው ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወይዘሮ ብዙአየሁ ገመናዬን ለዘበኛ አላሰማም ብለው አፌን አስያዙኝ። ምስኪን ልጅ፣ ስሟ በሁለት ቀን ዌስትላንድስ ደረሰ። ያስገባት ሰው ያስወጣታል፤ ሥራዋም ሊከተል እንደሚችል ሁላችንም ገብቶናል።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ዋፉላ በሩን እየከፈተልኝ፣ ማማ ከአገራቸው የመጣላቸውን ዕቃ ወደዱት ወይ አለኝ። የቱን ዕቃ? ሐሙስ የሰጠሁትን፣ አለ። መንገደኛው "ለኢትዮጵያዊቷ ማማ ነው" ብቻ ብሎ ሄደ፤ እሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊት ማማ ሲባል የሚያውቀው የኔን አማት ነው። ስለዚህ ለቤት ሠራተኛችን ለንጄሪ ሰጣት። "ለናንተ ነው እኮ፤ ሳባ" አለኝ፣ በጣቱ ወደ መስኮታችን እያሳየ።

ሳባ በስዋሂሊ ሰባት ነው። ቤታችን ቁጥሩ ሰባት ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ንጄሪ ስለ ካርቶኑ ለማንም ሳትነግር ሐሙስ ማታውን እህቷ ጋ ሄዳ ገና አልተመለሰችም ነበር። የአማቴን ክፍል ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር ክፍል ሳይሆን መጋዘን ነው። በርበሬ፣ ጤፍ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም በካርቶን። አንድ ቢጨመር ማን ያየዋል? አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አንዱ ካርቶን ላይ ዘርግተው ያስባሉ።

"እማማ፣ እስቲ እግርዎን ያንሡ" አልኳቸው።

ካርቶኑን ስንከፍተው የወርቅ ጥልፉ አብለጨለጨ። ሳባ በስዋሂሊ ሰባት፣ ማለትም የቤታችን ቁጥር እንደሆነ ለአማቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ ሰባት ማለት "ት" ሲጎድለው ሳባ ነው፣ ይህ ቋንቋ ፊደል ይበላል አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጅቷን በድያታለሁ" አሉና ነጠላቸውን ፈለጉ። በሕይወቴ እንዲህ አዝነው አይቻቸው አላውቅም።

ካባውን ተሸክሜ ከኋላቸው ወረድኩ። ወይዘሮ ብዙአየሁ ሳባንም ናሆምንም አስጠሩ። አማቴ ቆመው ጥፋታቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሳባ ደንግጣ ያዘቻቸው። ወይዘሮ ብዙአየሁ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰርጉ እንደተቆረጠው ቀን ይሆናል፣ ድግሱም ይቀጥላል አሉ።

ይሄኔ ሳባ ድክም ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ ካባውን አልወሰድኩም" አለች። "ቅዳሜ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዝም ካልኩ ሰርጉ እንደሚፈርስ ታየኝ። ሌባ ተብዬ ሁለት ቀን ተኛሁ። እንደዚህ ሁለት ቀን ያለ እንቅልፍ ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ ወይዘሮ ብዙአየሁ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። "እኔ ውለታ ቆጥሬብሽ አውቃለሁ?"

"እርስዎማ አያውቁም" አለች ሳባ። "የምቆጥረው እኔ ነኝ።"

ናሆም ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በቀስታ "ማሚ፣ አክቹዋሊ እኔም አልፈለግኩትም" አለ። ወይዘሮ ብዙአየሁ ካባውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልጃቸውንም ልጅቷንም ተራ በተራ አዩ። አለቀሱ፣ ቆይተው ሳቁ፣ ቆይተው ደግሞ ተቆጡ። ሰርጉ ቀረ፤ የሳባ ሥራዋም ቤቷም ግን እንዳለ ነው። እሑድ እሑድ እሷና ወይዘሮ ብዙአየሁ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት አብረው ነው።

አማቴ ወደ ቤት ስንወጣ ደረጃው መሃል ላይ ቆሙ። ትንፋሽ የሚወስዱ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን እንደገና ቀጥ ብለዋል። "ዘበኛው ሳባ አለኝ፤ እኔም መልበስ የማትፈልግ ሙሽራ ናት አልኩህ" አሉኝ። "የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሰው አገር ቋንቋ መማር ይበጃል የሚል ምክር የጠበቀ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስዋሂሊ እንደ ውሃ ስጠጣ ኖሬአለሁ። ያቺ ልጅ ደረጃ ላይ በአማርኛ "ደህና ነኝ" ስትለኝ ግን አምኛት አልፍ ነበር።