አባ ቆይ ሞተር ሲያስነሱ

በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ቆይ» ባይ ሳይመደብ አይቀርም። በር ተቆልፎ፣ ሻንጣ ተጭኖ፣ ቤተሰቡ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ «ቆይ፣ ምድጃው ጠፍቷል?» የሚለው እሱ ነው። ለእናንተ አጎታችሁ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን፣ ዕድሌ ሆኖ፣ የመርከባችን ዋና መሐንዲስ ናቸው። ባለሦስት ፎቅ ቤት የሚያህለው ሞተር የሚነሳው እሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ አባ ቆይ ናቸው።

መቼም የመርከብ ሞተር እንደ ታክሲ ቁልፍ ጠምዝዘው የሚያስነሱት አይደለም፤ አልክድም። ዘይቱ ቀድሞ መዞር፣ ሞተሩን የሚከበው ውሃም መሞቅ አለበት። ይህ ሥራችን ነው፣ እንሠራዋለን። ጣጣው የሚመጣው ከሠራን በኋላ ነው።

«ውሃው ሞቋል ጋሼ።»

«ማን አለ?»

«ጌጁ፣ የሙቀት መለኪያው።»

«ጌጁን ማን ጠየቀው? ሄደህ ቧንቧውን ዳብሰው።»

ዳብሼ እመለሳለሁ። «ሞቋል።»

«እንዴት ነው የሞቀው?»

እንግዲህ ሙቀት እንዴት ይሞቃል?

ቀጥሎ ጠብታ ፍለጋ ነው። በየሲሊንደሩ አናት ያሉትን ትንንሽ ቫልቮች ከፍተን፣ ሞተሩን በማዞሪያው ቀስ አድርገን እናዞረዋለን፤ ውስጡ ውሃ ካለ በዚያ ይወጣል። ውሃ እንደያዘ ከተነሳ ይሰበራል፣ እውነት ነው። ክቡርነታቸው ግን በየቫልቩ ፊት መዳፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። አንዲት ጠብታ ካረፈችባቸው «ቆይ!» ይላሉ፤ ከዚያ የጠብታዋ የዘር ሐረግ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ የገዛ ላባቸው ሆና ተገኘች። ይቅርታ እንኳ አልጠየቁም። «ላብም ውሃ ነው» አሉ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የእጁ ነገር ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው የታመቀ አየር ከመለቀቁ በፊት የክፍሉ ሠራተኛ በሙሉ ፊታቸው ተሰልፎ ሁለት እጁን ማንሳት አለበት። «እጅ ይታይ!» ይላሉ። የልጅ ልጅ ያየው ግራሶ ቀቢያችን ሳይቀር መዋለ ሕፃናት እንደገባ ሁሉ እጁን ይሰቅላል። «ፊቴ ያለ እጅ ማሽን ውስጥ የለም» ባይ ናቸው።

ያን ቀን ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ባለቤቴ ሴት ልጅ ወልዳ በሚቀጥለው ወደብ ትጠብቀኛለች፤ ልጄን ገና አላየኋትም። ማዕበሉ ሳይደርስ ካልወጣን መርከቡ ወደ ሌላ ወደብ ሊዞር ነው። አባ ቆይ ግን የአራተኛውን ሲሊንደር ቫልቭ እንደገና አስከፈቱ። እኚህን ሰውዬ ባሕር ውስጥ ልወርውራቸው ይሆን አልኩ በሆዴ።

«ሂድ፣ ማዞሪያው መላቀቁን እይ» አሉኝ።

ሁለቴ አይቼዋለሁ! እየተነጫነጭኩ ሄድኩ። ማዞሪያው የሚነክሰው ከሞተሩ ኋላ ያለውን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥርሳም የብረት መንኮራኩር፣ ፍላይዊሉን ነው። ተላቅቋል። ጎንበስ ስል ግን የእጅ ባትሪዬ ከኪሴ ሾልኮ ፍላይዊሉ ሥር ገባ። ላወጣው እጄን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩ።

በዚህ መሃል ካፒቴኑ ከላይ ደወለ። ድምፁ በማጉያው እኔ ድረስ ይሰማል።

«ያስነሱት እንጂ!»

«ቆይ» አሉ አባ ቆይ። «ሁለት እጅ ይጎድለኛል።»

«የምን እጅ? ማዕበሉ ደረሰብን እኮ!»

«ይድረስ። የልጁ እጅ ሳይታይ ይሄ ሞተር አይነሳም።»

እጄን መዝዤ አወጣሁ። ጥርሳሙ ብረት ጸጥ ብሎ ቆሟል፤ ያስፈራኝ ጸጥታው ነው። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩና ሁለቱንም አነሳሁ። ገልመጥ አደረጉኝ።

«ቀኙን ታጠበው» አሉ። ሞተሩም ተነሳ።

ማዕበሉን ለጥቂት ቀደምነው። ልጄን በሁለት እጄ ታቀፍኳት።

በማግስቱ አባ ቆይ ሊጠይቁን ቤት መጡ። ባለቤቴ ልታሳቅፋቸው ስትል «ቆይ» አሉ። እጃቸውን ታጠቡ፤ አደረቁ፤ እንደገና ታጠቡ። ከዚያ በብርድ ልብሱ ውስጥ የተደበቁትን ትንንሽ ቡጢዎች አንድ በአንድ አወጡና «እጅ ይታይ!» አሏት።

ባለቤቴ «እኚህ ሰውዬ ጤነኛ ናቸው?» በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ሳላስበው ሁለት እጄን ሰቅዬ ቆሜያለሁ።