ያልተፈታው ቋጠሮና የስድሳ ሁለቱ አዝራር ዜና

የፎቃችን አሳንሰር በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ በስካውት ቡድኑ ላይ በነገሠች በአራተኛው፣ እኔም እናቷ ፊደል በቆጠርኩ በዘጠነኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ብቅ ባለች ጊዜ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ፣ መፍቀሪተ ጽድቅ፣ ዐቃቢተ ሕግ፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ዳኛዋ» እያለ የሚጠራት፣ የቁርስ ዳቦ እኩል ካልተቆረሰ የማትቀምስ፣ አባቷ በቀይ መብራት ቢሻገር እጁን ይዛ ወደ ኋላ የምትመልስ፣ ሰማያዊ ስካርፏን አንገቷ ላይ አሰረችና ጫፉን ቋጠረች።

ይህን ዜና የሚያነብ ሁሉ የቋጠሮውን ሕግ አስቀድሞ ይወቅ። በቡድኑ ሥርዓት አንዲት ስካውት ጧት ስትነሣ የስካርፏን ጫፍ ትቋጥራለች፤ በዚያ ቀን ለአንድ ሰው አንድ በጎ ሥራ ሳትሠራም አትፈታውም። ሥራውም ማንም ያላዘዘው፣ ዋጋም ያልተቀበለችበት መሆን አለበት። በዚያች ቅዳሜ ደግሞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሰባት ልጆች የስካውት ቃል ሊገቡ ተቀጥረው ነበር። ቋጠሮዋ ያልተፈታ ልጅ ቃል አትገባም፤ ቃል ያልገባችም በሳምንቱ ሐይቁ ዳር ወደሚተከለው ካምፕ አትሄድም። ዳኛዋም ለዚያ ካምፕ ወር ሙሉ የመኝታ ከረጢቷን ስትዘረጋና ስትጠቀልል፣ እኛንም ኮሪደሩ ላይ የተዘረጋውን ከረጢት ስታዘልለን ከርማለች።

ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ለፈጣሪዬና ለአገሬ ያለብኝን ግዴታ ለመወጣት፣ ሁልጊዜ ሰውን ለመርዳት፣ የስካውትን ሕግ ለማክበር፣ የምችለውን ሁሉ እንደማደርግ በክብሬ ቃል እገባለሁ።» ሌሎቹ ልጆች ይህን እንደ ስልክ ቁጥር ሸመደዱት። የእኔዋ ግን «ፈጣሪዬ» ከሚለው ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ በእርሱ ፊት የወጣ ቃል ተመልሶ እንደማይዋጥ ታምናለችና። ይህ ጠባይ ከእኔ የወረሰችው ነው፤ እኔም ጸሎት ላይ አንዲት ቃል ከዘለልኩ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ስለዚህም ሌሎቹ በዋዛ ቋጠሯቸውን ፈትተው ሲገቡ እርሷ ከራሷ ጋር ስትከራከር ከበር እንዳትቀር ፈራሁ።

ወእምዝ በሁለት ሰዓት የመጀመሪያው ዘመቻ ሆነ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ደረጃው ሥር ሲያለከልኩ አገኘቻቸውና፣ ዘንቢሉን ተሸክማ፣ የደረጃውን መታጠፊያ ሁሉ ሳታርፍ ወጥታ ከበራቸው አደረሰች። እትዬም ደስ ብሏቸው ከኪሳቸው ሁለት ከረሜላ አውጥተው በመዳፏ አስጨበጧትና ከፎቃቸው ላይ ሆነው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እምቢ ብትይኝ ተቀይሜ ደረጃውን መልሼ እወርዳለሁ። ብዪ፣ እዚሁ ፊቴ ብዪው።» ዳኛዋም አሮጊቷን ላለማስቀየም በላች፤ በልታም ስታበቃ ደመወዝ ተቀብያለሁ ብላ በራሷ ላይ ፈረደች፤ ቋጠሮውም እንደ ታሰረ ቀረ።

በአራት ሰዓት ሁለተኛው ዘመቻ ሆነ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ታክሲ አልነሣ ብላ አራት ሰዎች ሲገፏት አይታ እየሮጠች ደረሰች፤ እጇን ከመኪናዋ ልታሳርፍ አንድ ጣት ሲቀራት ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናዋም ጭስ አልብሳት ሄደች። አራቱ ገፊዎች ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ አመሰገኗት። እርሷም በአስፋልቱ መካከል ቆማ፦ «እኔ አልነካኋትም። ምስጋናውን ውሰዱት» ብላ አወጀች። ሰዎቹም ምስጋና እንዴት እንደሚመለስ ስላላወቁ እርስ በርስ ተያይተው ተበተኑ።

በስድስት ሰዓት ቋጠሮው አሁንም እንደ ታሰረ ባየሁ ጊዜ መጥረጊያ አነሣሁ። ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። ውሃ ጣድሁና ለምን እንደ ጣድሁት ረሳሁ። በመጨረሻም ለልጄ ስል በልጄ ሕግ ላይ ሸፈትሁ።

ከፎቃችን ሥር የልብስ ሰፊው ሱቅ አለ። ሰፊው እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ውሸት ያልለመደ ሰው ነው። ሮጬ ወርጄ በጆሮው ይህን የምስጢር አዋጅ ነገርኩት፦ «ጋሼ፣ አሁን ክር ግዢ ብዬ እልካታለሁ። ስትገባ ያንን የአዝራር ቆርቆሮ መሬት ላይ ይድፉልኝ። ከዚያ ወገቤን ይበሉ፤ ሌላ ምንም አይናገሩ።» ሰፊውም አንገቱን እያከከ እሺ አለ። ዳኛዋ ደፉን በረገጠች ጊዜ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አነሣ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ ከዚያም በኋላ ደፋው። ወገቤን ያለውም ጉልበቱን ይዞ ነው።

የሸሚዝ ነጩ፣ የካፖርት ጥቁሩ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው፣ ባለ አራቱ፣ የነርሶች ጋውን የሚቆለፍበት፣ ከአንድ የሙዚቀኛ ጃኬት የተረፈው ወርቅ መሳዩ፣ ጠቅላላ ስድሳ ሁለት አዝራር እንደ ተሸነፈ ጦር ተበተነ፤ የቀረው ከስፌት መኪናው ሥር፣ የቀረው ከካውያው ጀርባ ተሸሸገ። ዳኛዋም በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አንድ በአንድ እየማረከች ወደ ቆርቆሮው ታገባቸው ጀመር። እኔ ከላክኋት በኋላ ተከትያት ወርጄ፣ በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ውጭ፣ ለማሳያ ከተሰቀለው ካፖርት ጀርባ ቆሜ በዓይኔ እቆጥር ነበር። በመካከሉ ጥቂት ቆም አለች፤ ጉልበቷን ያመማት መሰለኝ። ደግሞ ጎንበስ ብላ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻይቱም ለቀመች።

እኔም ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ድስት ማማሰል ጀመርሁ፤ ድስቱ ባዶ ነበር። ልጄ ገብታ ክሩን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ስካርፏን በዓይኔ ጥግ አየሁ። ቋጠሮው አልተፈታም። ይባስ ብላ እዚያው ፊቴ ቆማ በላዩ ሁለተኛ ቋጠረችበት፤ በጥርሷም ሳበችው። ለምን ብዬ እንዳልጠይቃት አዝራሩን ማወቄ ሊታወቅ ነው፤ እንዳልተወውም ልፈነዳ ነው። ሰማይና ምድር የተጣበቀብኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚህም በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዳኛዋ ወደ አዳራሹ ዘመተች። የተከተሏትም እነዚህ ናቸው፦ አባቷ፣ ባለ አንድ ክራቫት፣ ስልኩን ለፎቶ ሞልቶ ቻርጀሩን ጭምር የያዘ፤ የአምስት ዓመቷ እህቷ፣ ቅጽል ስሟ «ጭራ»፣ አንድ እግር ካልሲ የጠፋባት፤ እትዬ፣ ደረጃውን ለሁለተኛ ጊዜ መውረዳቸውን ለሁሉም የሚያስታውሱ፤ ሰፊውም፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ዓይኔን እየሸሸ፤ በመጨረሻ እኔ፣ ውሃና ሹራብና የራስ ምታት ኪኒን የተሸከምሁ።

በአዳራሹም የቡድኑ መሪ ቆማ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ረዥሙን አውቶቡስ የምትነዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ልጅ የምትመራ፣ ከሁለቱ የቱ ይቀላል ቢሏት ሳታመነታ አውቶቡሱ የምትል። ሰባቱ ልጆች በመስመር ተሰለፉ። ሦስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ሁለቱ የዳቦ ጋጋሪው ልጆች ዓርብ ከአባታቸው ጋር መስጊድ የሚሰግዱ፣ አንዷ በጸሎት አዳራሽ የምትዘምር፣ አንዷም ጸሎት ከሌለበት ቤት ከአያቷ ጋር የምታድግ። መሪዋም እንዲህ ብላ አወጀች፦ «እያንዳንዳችሁ ፈጣሪያችሁን ቤታችሁ በምትጠሩበት ስም ጥሩት። ቤቷ የማይጠራበትም ‘ለህሊናዬ’ ትበል። ብቻ አፋችሁ ያለውን ልባችሁ ይስማው። አሁን ስካርፍ አሳዩ።»

የስድስቱ ስካርፍ ጫፍ ለስላሳ ነበረ። በሰባተኛው ላይ የለውዝ ፍሬ የሚያክል ቋጠሮ ተንጠልጥሎ ታየ። ዳኛዋም ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወጥታ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «የኔ አልተፈታም። ስለዚህ ዛሬ ቃል አልገባም። ካምፑም ይቅርብኝ።»

ያን ጊዜ ጉልበቴ ሳላዘው ተነሣ። በወላጆች ሁሉ ፊት፣ የራስ ምታት ኪኒኑን በእጄ እንደ ጨበጥሁ፣ የንስሐ አዋጄን አወጅሁ፦ «አዝራር ለቅማለች፤ ስድሳ ሁለት። ያስደፋሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ የለበትም። እሷ እውነት መስሏት ነው የለቀመችው። እባካችሁ ይቆጠርላት።» ሰፊውም ከኋላ ወንበር፦ «እኔ እንኳ አስቀድሜም አላማረኝም ነበር» ሲል አጸና።

በዚህ ነገር ታላቅ ጉባኤ ሆነ፤ አባቶችና እናቶች ወንበራቸውን አዞሩ። ዳቦ ጋጋሪው ተነሥቶ፦ «ስትለቅም በልቧ የነበረው እርዳታ ነው። አላህ የሚያየው ያንን ነው። ይፈታ» አለ። የዘማሪዋ እናት፣ በሥራዋ ነርስ፣ ተነሥታ፦ «እኛም ጋ እንደዚያው ነው። ይፈታ» አለች። ጸሎት የሌለበት ቤት አያትም ምርኩዛቸውን ተደግፈው፦ «እኔ ሰው ልብ ውስጥ አልገባም። መሬት ላይ አዝራር ነበረ፤ አሁን የለም። ይፈታ» አሉ። ስለ ሰማይ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ስለ አዝራር ተስማሙ፤ ተጨባበጡም።

ዳኛዋ ግን ከጉባኤው ሁሉ ብቻዋን ተቃወመች። «አይፈታም» አለች። «ሠላሳኛው አዝራር ላይ ቀና ስል ሰዎች ልብስ ሲለኩ በሚያዩበት መስታወት ውስጥ የእማዬን ሻሽ አየሁት። ከካፖርቱ ጀርባ ቆማ እየቆጠረች ነበር። ያኔ ገባኝ። የቀሩትን ሠላሳ ሁለቱን የለቀምኳቸው ጋሼን ለመርዳት አይደለም። ትቼ ብነሣ እማዬ ታፍራለች ብዬ ነው። እያወቅሁ እንዳላወቀ ሰው ሆኛለሁ፤ ስካውት ደግሞ አታስመስልም። ሁለተኛ የቋጠርሁት ለዚህ ነው።»

አባቷ ፎቶ ማንሣቱን ተወ። እኔም ወንበሬ ላይ አነስሁ፤ የማፍረው ግን ስላየችኝ አልነበረም፤ አይታኝ ጎንበስ ብላ መቀጠሏ ነው የበላኝ።

መሪዋም ጥቂት ካሰበች በኋላ ይህን ፍርድ ሰጠች፦ «ስሙኝ። የፊተኞቹን ሠላሳ ለሰፊው ለቀመች። ሰፊው ችግር አልነበረበትም፤ እነሱ ይሰረዙ። የኋለኞቹን ሠላሳ ሁለት ለእናቷ ለቀመች። እህቴ፣ አንቺው ተናገሪ፤ ችግር ነበረብሽ ወይስ አልነበረብሽም?» እኔም፦ «ነበረብኝ፤ ከጧት ጀምሮ» አልሁ። እትዬም ከጎኔ ሆነው፦ «ከጧት? ከወለደቻት ጀምሮ ነው እንጂ» ሲሉ አረሙኝ፤ ጉባኤውም ሳቀ። መሪዋ ግን ሳትስቅ ጨረሰች፦ «ማንም አላዘዛትም። ማንም አልከፈላትም። እናቷን ላለማሳፈር ካምፑን እስከ መተው ድረስ ዝም ብላ ይዛው መጣች። ማስመሰሉን በሰው ፊት ተናግረሻል፤ የቀረውን ከእናትሽ ጋር ተጨራረሱ። እኔ ጋ ተዘግቷል። ይፈታ።»

ዳኛዋም የግራ ጫማዋን አየች፤ የቀኝ ጫማዋን አየች፤ ነገሩን ከወዲህም ከወዲያም መዘነችና ሕጋዊ ሆኖ ስላገኘችው ስካርፏን ዘረጋች።

ቋጠሮው ግን ፍርዱን አልተቀበለም። መሪዋ በጥፍሯ ገጠመችው፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ዳቦ ጋጋሪው በጣቶቹ ገጠመው፤ ጣቶቹ ወፈሩበት። ጭራ በጥርሷ ገጠመችው፤ የተነቃነቀ ጥርሷን በዚያው ነቀለችና በድል ለሁሉም አሳየች። ሰፊው መቀስ ቢያወጣ በአንድ ድምፅ ተወገዘ። በመጨረሻ ዳኛዋ፦ «እማዬ ትምጣ» ብላ አዘዘች። እኔ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የረጠበ የጋውን ማሰሪያ ስፈታ የኖርሁ ነኝና፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣቴ አሸት አሸት አድርጌ፣ ከጀርባው ገፋ አድርጌ፣ በሦስት እስትንፋስ ፈታሁት። እስክፈታው ድረስ ግንባሯ ከግንባሬ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከረሜላ ከረሜላም ትሸት ነበር።

ከዚያም ሦስት ጣቶቿን አንሥታ ቃሏን ገባች። «ፈጣሪዬ» ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «የምችለውን ሁሉ» ላይ ከፍ አደረገች፤ እስከ ኋለኛው ወንበርም ተሰማ።

ወደ ቤት ስንመለስም በመንገድ ላይ ይህ አዋጅ ወጣብኝ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እማዬ በኔ በጎ ሥራ ውስጥ አትገባም። ከጨነቃት ትነግረኛለች፤ መስኮት ለመስኮት አትሄድም።» እኔም በሙሉ ልቤ ተቀብዬ ቃል ገባሁ፤ እስከ ሰኞ ድረስም ጠበቅሁት።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሁሉ ያመስግናት። ሐይቁ በመጣች ጊዜ ይርጋላት፤ ዝናቡ ድንኳኗን ይዝለልላት፤ የመኝታ ከረጢቷ ዚፕ አይያዝባት። እርሷ ከረሜላን በላች እንጂ ክብርን በከረሜላ ያልለወጠች፣ ያልገፋችውን መኪና ገፋሁ ያላለች፣ ስለ ሰማይ የማይስማሙ ሦስት ሰዎች ይፈታ ሲሏት አይፈታም ያለች፣ ለእናቷም ስትል ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያጎነበሰች፣ በዚያም በአዳራሹ ከቆሙት ሁሉ ከፍ ብላ የታየች ልጄ ናት።