በረንዳችን ላይ ያለችው አራስ

እኔ ወፍ የማይ ሰው አይደለሁም። ማለቴ፣ ዓይን ስላለኝ አያለሁ፤ ግን ቆሜ «ይቺ ደግሞ ምን ወፍ ናት?» ብዬ አላውቅም። ወፍ ወፍ ናት። ነገሩን ያመጣችው ባለቤቴ ሰናይት ናት።

የምንኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ዴ ሞይን፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰናይት በረንዳው ላይ በተንጠለጠለው የአምፑል ሽቦ ላይ ጎጆ አየች። የሲኒ ግማሽ አይሞላም። ባለጎጆዋን ሃሚንግበርድ ይሏታል፤ አየር ላይ ቆማ ከአበባ የምትጠጣዋ፣ አውራ ጣት የምታክለዋ። ጎጆዋን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው አሉ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሸረሪት ድር በመጥረጊያ ሳወርድ ኖሬአለሁ። ለካ የሰው ማገር ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሕግ ወጣለት። በረንዳ መውጣት ክልክል። በሩን መክፈት ክልክል። ማየት የፈለገ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ። ወፏ ደንግጣ ከቀረች ጎጆው ውስጥ ያሉት ሁለት እንቁላሎች ይበርዳሉ፤ ከበረዱ ደግሞ አለቀ። ሰናይት ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ልክ አልነበረም። እኛ ቤት ልጅ አልተወለደም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አናወራም። እኔም ሕጉን አከበርኩ።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሰናይት አክስት እትዬ አስካለ ከጎረቤት ከተማ ከፌደራል ዌይ ደወሉ። ትልቁን ድስታቸውን ፈልገው ነው። ድስቱ ያለው በረንዳው ላይ ነው። እንዴት ብዬ ላውጣው? ወፍ እንቁላል ታቅፋ በሩን መክፈት አንችልም አልኳቸው። አራስ ቤታችሁ አስቀምጣችሁ እንዴት አትነግሩንም ብለው ወቀሱኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር። ከነገንፏቸው!

ሰናይት ፊቷ አመድ መሰለ። እንግዳን ተመለስ አይሉት፤ ወፏን ቻይው አይሏት። ሄዳ መጋረጃው ፊት ተገተረች። እትዬ አስካለ ግን ወደዚያም አላዩ። ከመንገድ የገባ ሰው ዘሎ አራስ ጋ አይገባም፤ ፀሐይ ይዞ ይገባል አሉና ሁሉንም ሶፋው ላይ አስቀመጡ። የሲያትል ፀሐይ! ኮታቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

ከዚያ በሹክሹክታ ወሬ ተጀመረ። ስለ ኪራይ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ እትዬ አስካለ ስለሚንከባከቧቸው አሮጊት አመል። እኛ ሐበሾች ለካ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ እንችላለን! ሰናይት በመጨረሻ አላስቻላት አለ። በቀስታ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ቢያዩዋትስ አለች።

«አራስ ይታያል እንዴ? የሰው ዓይን አለ አይደል ልጄ» አሏት እትዬ አስካለ።

አንዳቸውም አላዩም። ስንት ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ወፍ አያለሁ ብሎ ቁጥቋጦ በሚሰብርበት አገር፣ እነዚህ አራት ሴቶች ወፍ ሊጠይቁ መጥተው ወፍ ሳያዩ ሊሄዱ ነው። ግን ገንፎው አለ። ወፏ አትበላ! እትዬ አስካለ ማንኪያውን ለሰናይት ሰጧት።

«ለአራሷ አንቺ ብዪላት።»

በላች። ዓይኗ እንባ ሞላ። በርበሬው ነው አለች። በርበሬው ለእኔም በዛብኝ። ሲወጡ ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረው እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ሄዱ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኛዎቹ ተፈለፈሉ፣ ላባ አወጡ፣ እግራቸውን ሳይሞክሩ በረሩ። አንድ ጠዋት ጎጆው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ሰናይት ደስ አላት፤ ቆይታ ደግሞ ተመልሳ ባዶውን ጎጆ ታይ ጀመር። እኔ መጋረጃውን ገልጬ ድስቱን ላወጣ ስል ስልኩ ጮኸ።

እትዬ አስካለ ናቸው። እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ሊመጡ ነው። ወንድ ይሁኑ ሴት ጠየቁኝ፤ ክርስትናው በአርባ ነው በሰማንያ የሚለውን ማወቅ ፈልገዋል። በረሩ እኮ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ሰናይት ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ገና አልለየንም እትዬ። እሑድ ይምጡ» አለቻቸው።

ከዚያ ሄዳ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው።