ያልተደወለላቸው ዐሥር ቁጥሮች

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይታጣም፤ ጥያቄ ስትጠይቁት ከመመለሱ በፊት ጥያቄያችሁን የሚያርም። መርሳ ላይ ተፈናቃይ በሚመዘገብበት ትምህርት ቤት ለመዝጋቢዋ ለፋንቱ የደረሷት ክቡር ሊቀ ስሌት አቶ ሚስባህ ነበሩ። "ለሃያ ሰው ሃያ ብርድ ልብስ" ስትል ቀና ብለው "ሰው ተደግሟል ወይስ አልተደገመም?" ይሏታል። ቆጥራ ስታየው ሦስት ሰው ሁለቴ ተመዝግቦ ታገኛለች። ይህ ደግሞ ይብስ ያናድዳታል።

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ እማማ አሚና ከቆቦ ሸሽተው በእግራቸው መጡ። በእጃቸው ኮምቦልቻ ያለችው የልጃቸው የኢሕሳን ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዘዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ዝናብ አጥቧቸዋል።

"እናቴ ሞታለች ብላ ተቀምጣ ይሆናል" አሉ።

አቶ ሚስባህ ለሥራ ውርጌሳ ሄደው ነበርና ፋንቱ ራሷ ኮምፒዩተሩ ላይ ኤክሴል ከፈተች። ፐርሙት በሚባለው ቀመር ዐሥር አኃዞች በሁለት ቦታ ስንት ዓይነት እንደሚደረደሩ ጠየቀች፤ ዘጠና አላት። ዘጠናውን ጽፋ ሁለት ቀን ሙሉ ደወለች። አንዱ ሰደባት፤ አንዲት ሴት ደግሞ የራሷን የጠፋ ሰው ጠየቀቻት። ኢሕሳን አልተገኘችም።

አቶ ሚስባህ ሲመለሱ ዝርዝሩን አዩት።

"ፋንቱ፣ ስልክ ላይ አኃዝ አይደገምም ያለሽ ማነው?"

"ኮምፒዩተሩ ነዋ።"

"እሱማ የጠየቅሽውን መለሰ። የሚደገመውንም የሚቆጥረው ፐርሙቴሽን ኤ ነው።" ቀመሩን ጻፉት፤ መቶ አለ። "ዜሮ ዜሮ፣ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያልሽ ሂጂ። ዐሥር ይቀሩሻል።"

ፋንቱ ዐፍራ ስልኳን አነሣች። ስድስት ስድስት ላይ ስትደርስ አንዲት ሴት "አቤት" አለች።

"ኢሕሳን ነሽ?"

"ነኝ።"

ስልኩን ለእማማ አሚና ሰጠቻቸው። "አለሁ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ" እያሉ ደጋገሙላት።

"እርስዎ እንዴት እንዲህ ቶሎ ገባዎት?" አለች ፋንቱ በኋላ።

አቶ ሚስባህ ጥያቄዋን አላረሙም። "እኔም ሰው ስፈልግ ነው የተማርኩት" አሉ ቀስ ብለው። አምና ከወልድያ ሸሽተው ሲወጡ ስልካቸው ጠፍቷል። የወንድማቸውን የአብዱልሐሊምን አዲስ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ወዲያ አያስታውሱትም። "አራት አኃዝ ሲጎድል ዐሥር ሺህ ነው የሚመጣው።"

ዐሥር ሺሁ ቁጥር የተዘረዘረበትን ገጽ ከፈቱላት። ከደወሉለት ከየቁጥሩ ጎን ምልክት ተደርጓል፤ ሦስት ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ያበቃል።

ፋንቱ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠግታ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ደወለች።