ጉንፋኑና አሥራ ስድስቱ ሚስማሮች

የብሎክ 31 ነዋሪዎች ኮሚቴ የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ህዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ አያት፣ የብሎኩ የጋራ ክፍል (ከሰኞ እስከ ዓርብ የወ/ሮ ዳርቱ የሕጻናት መዋያ)። ሌላ ወንበር ስላልነበረ አባላቱ በልጆቹ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል።

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡30 ተብሎ ተጠርቶ 4፡10 ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ገረሱ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር
2. ወ/ሮ አስረሳሽ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ
3. አቶ ሸሪፍ፣ የጥገና ኃላፊ፣ ጉርድ ሾላ የሕንጻ ዕቃ ሱቅ ያላቸው
4. አቶ ሞቲ፣ አባል፣ በጉንፋን ስለተኙ በስልክ
5. ሶሬቲ፣ ጸሐፊ፣ የእጅ ጽሑፏ ስለሚነበብ የተመረጠች፣ ድምፅ የማትሰጥ

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ወለተማርያም፣ በጉንፋን።

ተጠርተው የተገኙ፦ ወ/ሮ ዳርቱ፣ የመዋያው ባለቤትና የጸሐፊዋ እናት፤ ሲስተር ናዝራዊት፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ አራተኛ ፎቅ ተከራይ። በኮሚቴው ደንብ ተከራይ ድምፅ የለውም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ካላቸው አምስት አባላት አራት መገኘት ሲኖርባቸው በአካል የተገኙት ሦስት ናቸው። አቶ ሸሪፍ በስልክ ያለ ሰው እንደ ተገኘ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ አስረሳሽ «ሞቲ ድሮም በአካል ሲመጣ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው» አሉ። አቶ ሞቲ በስልክ ተቃወሙ፤ ተቃውሞው በሳል ስለተቋረጠ አልተመዘገበም። ከረጅም ውይይት በኋላ ስልኩ ወንበር ላይ እንዲቀመጥና ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አንብቦ ማጽደቅ

ሰብሳቢው ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የህዳር 14ቱ ቃለ ጉባኤ እንደ ተነበበ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ የተጻፉት አሥራ አንድ ቃለ ጉባኤዎች በሙሉ የጸደቁት በዚሁ መንገድ ነው።

አጀንዳ 2፦ የጉንፋኑን ምንጭ መወሰን

ሰብሳቢው በብሎኩ አሥራ አራት ሰው መታመሙን፣ ከእነዚህም ዘጠኙ መዋያው የሚውሉ ልጆች መሆናቸውን ገለጹ። ሲስተር ናዝራዊት ይህ ተራ ጉንፋን ሳይሆን ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ቫይረስ እንደሚመስል አስረዱ። ሰብሳቢው ደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ረጅም ስለሚሆን ጉንፋን ተብሎ እንዲቀጥል አዘዙ።

ወ/ሮ አስረሳሽ ምንጩ የታወቀ ነው አሉ። አዲስ አበባ በሙሉ ህዳር 12 ቀን ቆሻሻውን ሲያቃጥል ብሎክ 31 ብቻ አላቃጠለም። «አያቶቻችን በህዳር በሽታ ያለቁት ለቀልድ ነው እንዴ? ህዳር ሲታጠን ዝም ብለን ቁጭ አልን፤ ይኸው መጣ» አሉ። ያልተቃጠለው ማን ከልክሎ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አንሶላቸው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለነበር ራሳቸው መከልከላቸውን አመኑ። ስለሆነም ህዳር ዛሬ እንዲታጠን፣ ጭሱም በከንቱ እንዳይባክን እዚሁ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ እንዲሆን ጠየቁ። ጥያቄው ለአጀንዳ 3 ተላለፈ።

ሲስተር ናዝራዊት የድሮው የህዳር በሽታም የዚሁ የኢንፍሉዌንዛ ዘር እንደነበር፣ ቆሻሻ ማጽዳት ጥሩ ቢሆንም ጭስ ቫይረስን እንደማያባርር ተናገሩ። ቫይረሱ ከታመመ ሰው ትንፋሽ ጋር ይወጣል፤ የሳለ፣ ያስነጠሰ ሰው ዓይን የማያየው እርጥበት ይተዋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ሌላው ይስበዋል። ሰብሳቢው «ዝም ብለን ስናወራም?» ብለው ጠየቁ። «ስናወራም፣ ጋሼ። ስንጮህ ደግሞ ይብሳል» ተባሉ። በዚህ መሠረት አባላቱ አጭር ንግግር ለማድረግ ተስማሙ። ስምምነቱ ላይ የተደረገው ክርክር ሃያ ደቂቃ ወሰደ።

አቶ ሸሪፍ ቫይረስ ሕይወት አለው የለውም ብለው ጠየቁ። ሲስተር ናዝራዊት ብቻውን ሲሆን እንደማይራባ፣ ሰው ውስጥ ሲገባ ግን በሰውየው ሕዋስ ተጠቅሞ ራሱን እንደሚያባዛ፣ የራሱ ቤት እንደሌለው መለሱ። አቶ ሸሪፍ «እንግዲያማ ተከራይ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ተከራይ ከሆነ ኮሚቴውን እንደማይመለከት ገልጸው ወደሚቀጥለው ሐሳብ አለፉ።

ሲስተር ናዝራዊት ቢያንስ አንድ መስኮት እንዲከፈት ለመኑ። ወ/ሮ አስረሳሽ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው አጣፍተው «የእንጦጦ ነፋስ እኮ ነው የሚመጣው፣ እመዬ። ማጅራቴን ቢመታኝ አንቺ ትሸከሚኛለሽ? ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት የከፈተ ሰው ተሰድቦ ነው የሚወርደው» አሉ። ልመናው የተከራይ በመሆኑ ለድምፅ አልቀረበም። ክፍሉ ሞቃት መሆኑ በበጎ ታይቷል።

ውሳኔ፦ ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ምንጩ መዋያው እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የመከላከያ እርምጃዎች

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ሀ) እያንዳንዱ አባወራ አሞክሳሲሊን ይዋጥ። ሲስተር ናዝራዊት ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ፣ ያለ ሐኪም መዋጥም ጉዳት እንዳለው ተቃወሙ። አቶ ሞቲ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው መሆኑንና ምንም እንዳልተሻላቸው በስልክ መሰከሩ። ሰብሳቢው ምስክርነቱን ለመድኃኒቱ እንደ ድጋፍ ወሰዱት።

ለ) በደረጃው ላይ «ጉንፋን» የሚለውን ቃል መጥራት ይከልከል።

ሐ) ህዳር በዚህ ክፍል ይታጠን። አቶ ሸሪፍ እሳቱ የልጆቹን ምንጣፍ እንዳይበላ ስለሠጉ በትንሽ ባልዲ እንዲሆን ተሻሽሎ ጸደቀ።

መ) ከበሩ ሥር ብርድ ልብስ ይወተፍ። ወዲያው ተወተፈ። ወ/ሮ ዳርቱ ብርድ ልብሱ ልጆቹ የሚተኙበት መሆኑን ገለጹ።

አጀንዳ 4፦ የወ/ሮ ዳርቱን የሕጻናት መዋያ ስለመዝጋት

ሰብሳቢው ጉዳዩ እናቷን ስለሚመለከት ጸሐፊዋ ትውጣ ወይስ ትቆይ ሲሉ ጠየቁ። የሌሎቹ አባላት ጽሑፍ ስለማይነበብ እንድትቆይ፣ ነገር ግን ያለ ምንም ስሜት እንድትጽፍ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ያለ ምንም ስሜት ጽፋለች።

ወ/ሮ አስረሳሽ፣ ወ/ሮ ዳርቱ ቀኑን ሙሉ በሩን እየከፈቱ ልጆቹን ብርድ እንዳስመቱ በዓይናቸው ማየታቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው መዋያው ከነገ ሰኞ ጀምሮ እንዲዘጋና ቁልፉ ለኮሚቴው እንዲመለስ ሐሳብ አቀረቡ።

ወ/ሮ ዳርቱ እንዲናገሩ አንድ ደቂቃ ተሰጣቸው። «አሥራ አንድ እናቶች ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቻቸውን አዝለው እዚህ በር ላይ ይቆማሉ። ምን ልበላቸው? እኔና ልጄ የምንኖረው በዚህች ክፍል ገቢ ነው፤ ሌላ ሥራ የለኝም» አሉ። በሩን የሚከፍቱትም ልጆቹን አየር ስላጠራቸው መሆኑን አስረዱ። መስኮቶቹ በላስቲክ ተሸፍነው በሚስማር ተመትተዋልና አይከፈቱም።

ሰብሳቢው ላስቲኩን ማን እንደመታው ጠየቁ። ወ/ሮ ዳርቱ «እናንተ» አሉ። ሰብሳቢው ኮሚቴው እንዲህ ያለ ነገር አለመወሰኑን አስታወቁ። ወ/ሮ አስረሳሽ ላስቲኩን ከዛሬ በፊት አይተውት እንደማያውቁ ተናገሩ። አቶ ሸሪፍ ሚስማሩን ቀረብ ብለው ካዩ በኋላ ከሱቃቸው የመጣ እንደሚመስል፣ ግን ሚስማር ሁሉ እንደሚመሳሰል ገለጹ።

መዋያው እንዲዘጋ በአራት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ ተወሰነ። አቶ ሞቲ በመሳላቸው ይደግፉ ይቃወሙ ስላልታወቀ እንደደገፉ ተቆጠረ።

ሲስተር ናዝራዊት የህዳር 14ቱ ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ ጠየቁ። ሰብሳቢው የጸደቀ ቃለ ጉባኤ እንደማይነበብ አስረዱ። ሲስተሯ ሳይነበብ እንዴት እንደጸደቀ ጠየቁ። ሰብሳቢው እንደ ተነበበ ስለተቆጠረ ሁለተኛ ማንበብ መደጋገም ነው አሉ። አቶ ሸሪፍ «ቢነበብ ምን ይጎዳናል፣ ጋሽ ገረሱ? ወላሂ እኔም ምን እንዳልን ረስቻለሁ» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ንባቡ ምንም ነገር እንዳይለውጥ በሚል ግዴታ እንዲነበብ ተፈቀደ።

ጸሐፊዋ ተነሥታ አነበበች። ሁለት ጊዜ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ተባለች። በሦስተኛው ከፍ አደረገች። የተነበበው ይህ ነው፦

«እሑድ፣ ህዳር 14 ቀን። ዓርብ ዕለት ጎረቤት ብሎክ ህዳርን ሲያጥን ጭሱ በጋራ ክፍሉ መስኮት ስለገባ፣ እንዲሁም ብርድ ስለሚገባ፣ አራቱም መስኮቶች በወፍራም ላስቲክ ተሸፍነው እያንዳንዳቸው በአራት ሚስማር እንዲመቱ ወ/ሮ አስረሳሽ ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሚስማሩን አቶ ሸሪፍ ያመጣሉ። ሰብሳቢው ስላስነጠሳቸው ስብሰባው ሦስት ጊዜ ተቋርጧል። ሰብሳቢው ትኩሳት እንዳላቸው ገልጸው፣ የሆነ ሆኖ ሥራውን ራሳቸው ቆመው እንደሚያሠሩ ቃል ገቡ።

«የአፈጻጸም ማስታወሻ። ሰኞ፣ ህዳር 15 ቀን ሚስማሮቹ ተመቱ። ሰብሳቢው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ መካከል ተቀምጠው ተቆጣጠሩ። በመጨረሻው ሚስማር ላይ ልጆቹ አጨበጨቡ። ረቡዕ፣ ህዳር 17 ቀን ሁለት ልጆች አተኮሳቸው። ሐሙስ አምስት። ዓርብ ዘጠኝ።»

ጸሐፊዋ ተቀመጠች።

ከዚያ ስልኩ «ጋሽ ገረሱ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ።

ሰብሳቢው ያኔ የያዛቸው የሚስማር አቧራ እንደነበረ አስረዱ። አቶ ሸሪፍ እሑድ ዕለት ሚስማሩ ገና ሱቅ ውስጥ እንደነበረ አስታወሱ። ሲስተር ናዝራዊት ቫይረሱ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪታወቅ ሁለት ቀን ገደማ እንደሚፈጅበት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሲቆጠር ልክ እንደሚመጣ ገለጹ። ሰው ታሞ ቢመጣ ጥፋት እንዳልሆነ፣ አየሩ እንዳይወጣ አሥራ ስድስት ሚስማር መምታቱ ግን እንደማይደገፍ ጨመሩ። በዚህ መካከል ሰብሳቢው አስነጠሳቸው። ማስነጠሳቸው በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አዘዙ። ትእዛዙ ተይዟል።

ወ/ሮ አስረሳሽ ወደ ወ/ሮ ዳርቱ ዞረው «እኔ እኮ ለልጆቹ ብዬ ነው» አሉ። ወ/ሮ ዳርቱ «አውቃለሁ፣ እትዬ» አሉ፤ ብርድ ልብሱን ከበሩ ሥር አውጥተው ማጠፍ ጀመሩ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

አቶ ሸሪፍ የሚከተለውን ውሳኔ አቀረቡ፤ አቶ ሞቲ በግልጽ ድምፅ ደገፉ፤ ወ/ሮ አስረሳሽ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ እጃቸውን አወጡ፤ ሰብሳቢው ድምፅ ቢነፍጉም በሦስት ድምፅ ጸደቀ፦

«በዛሬው ስብሰባ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 4 የተወሰነው በሙሉ፣ እንዲሁም ህዳር 14 የተወሰነው እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ሚስማሮቹ አሁኑኑ ይነቀሉ። መዋያው ነገ በአንድ ሰዓት ተኩል ይከፈት። ትኩሳት ያለው ልጅ ትኩሳቱ በለቀቀው ማግስት ይመለስ።»

ሰብሳቢው በውሳኔው ላይ ማሻሻያ ካለ ጠየቁ። ወ/ሮ ዳርቱ «ልጅ» በሚለው ፈንታ «ማንኛውም ሰው» እንዲባል ለመኑ። ተሻሻለ። በተሻሻለው መሠረት ሰብሳቢው ግንባራቸው ተዳስሶ ከክፍሉ እንዲወጡ ተጠየቁ። ወጡ። ቀሪውን ስብሰባ ከውጭ፣ በመጀመሪያ በተከፈተው መስኮት በኩል መሩ።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡25 ላይ፣ አሥራ ስድስተኛው ሚስማር ሲነቀል ተዘጋ። ሰብሳቢው ከመፈረማቸው በፊት ይህ ቃለ ጉባኤ እንደ ተነበበ ይቆጠር ብለው በመስኮቱ ሐሳብ አቀረቡ። የደገፋቸው የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቁሙ ተነበበ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ያለ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊ፦ ሶሬቲ (ፊርማ)
ሰብሳቢ፦ ገረሱ (ፊርማ፣ በመስኮት)