ቁጥር ሃያ ሦስት በወተቱ ገንዳ ውስጥ

ትናንት በሕልሜ አይጦች ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ አይጦች ነበሩ። በውኔ፣ በሁለት ዓመት የሚያልቀውን ትምህርት አራት ዓመት ይዤ የአይጥ እርጅናና የማስታወስ ችሎታ የማጠናው እኔ ነኝ። በሕልሜ ግን ሽቦ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ፣ መዝገብ የያዙት እነሱ ነበሩ።

«ቁጥር ሃያ ሦስት! ዕድሜ?» አለች አለቃቸው፣ ወፍራም አይጥ።

«ሃያ ስምንት።»

«ወር?»

«ዓመት።»

እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። አይጥ ሁለት ዓመት ከኖረች ባልቴት ናት። ሁሉም ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኖር! ኖር!»

«በእግዜር» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ለሳይንስ ነው» አለችና አለቃቸው መርፌ ወጋችኝ። ከዚያ ጭራ ስለሌለኝ በሹሩባዬ አንጠልጥላ ገንዳ ውስጥ ወረወረችኝ።

ገንዳውን አውቀዋለሁ፤ የአይጦቼን የማስታወስ ችሎታ የምፈትንበት ነው። ውሃው በወተት ዱቄት የነጣ ነው፤ ከሥሩ የማይታይ አንድ መቆሚያ አለ። መቆሚያውን ያገኘ ይወጣል። እኔም የፈለግኩት መውጣት ብቻ ነበር።

አማካሪዬ ዶክተር ኅሩይ ከነከረቫታቸው በዝግታ ይዋኛሉ። ከኋላቸው የትምህርት ክፍላችን መምህራን በሙሉ ተሰልፈው ይዞራሉ።

«ዶክተር! እርስዎም እዚህ ነዎት?»

«አፍሽን ዝጊ፣ ትርሲት! ዓርብ ነው፤ ወተቱ ይገባብሻል።»

«መቆሚያው እኮ ከግድግዳው ሰዓት ትይዩ ነው። ይምጡ፣ እንውጣ!»

«የት እንዳለ መች አጣሁት?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቶሎ ያገኘ ጎበዝ ይባላል። የጎበዝ አንጎል ደግሞ ወጥቶ ይቆራረጣል። ላላገኘው ግን ሙከራው ይደገምለታል። ለእኔ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሲደገምልኝ! በመሀል የደረጃ እድገትም አግኝቻለሁ።»

«እስከ መቼ ነው የምንዞረው?»

«ምን ያስቸኩልሻል? ውሃው እንደሆነ ለብ ያለ ነው።»

አንድ ዙር አብሬያቸው ዞርኩ። ሁለተኛው ላይ ሰለቸኝ። የፈለጉትን ይቁረጡ አልኩና በቀጥታ ዋኝቼ መቆሚያው ላይ ወጣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ታስፈጂናለሽ!» ብለው ጮኹ ዶክተር ኅሩይ።

አይጦቹ አጨበጨቡ። «በዚህ ዕድሜያቸው!» አለች አለቃቸው፣ እንባዋን እየጠረገች። መቀስ አመጡላት።

«እማማ፣ እስቲ ራስዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።»

ዝቅ አደረግኩ። ስልኬ ጮኸ።

ነግቷል። የደወሉት ዶክተር ኅሩይ ናቸው።

«ትርሲት፣ ኮሚቴው ውጤትሽን አይቶ ጉድ አለ! ያረጁት አይጦችሽ ከወጣቶቹ እኩል አስታውሰዋል።»

አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። «ልመረቅ ነው ማለት ነው?»

«ኧረ ምን በወጣሽ! እንዲህ ያለ ውጤት በሃያ አይጥ ብቻ አይቀርም። በሁለት መቶ ይደገም ብለዋል።»

«መቼ ነው የምጀምረው?»

«አይጦቹ ገና አልተወለዱም» አሉ። «ይወለዱና እስኪያረጁ ትጠብቂያለሽ።»